ከሰው ደጃፍ ወደ ምክር ቤት

በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ አቶ ገብረዋህድ ባምቢስ አካባቢ ካለ መነጽር ቤት ወጥተው ወደ ታክሲ መያዣው ሲያዘግሙ የበልግ ዝናብ ሳያስቡት ወረደባቸው። እንደ ሌላው መንገደኛ ሁሉ እሳቸውም ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለሉ። ዝናብ እስኪያባራ የቆመ ሰው ከማንበብ ሌላ ሥራ የለውምና፣ በአዲሱ መነጽራቸው የሱቁን ማስታወቂያ፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ በግንብ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሁሉ እያነበቡ ሳለ ዓይናቸው ከሚያውቁት ፊት ላይ ዐረፈ። መነጽሩን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው መልሰው አደረጉት። ፊቱ አልተለወጠም። ከፎቶግራፉ ግርጌ "ራሕዋ ኃይለገብርኤል፤ ለምክር ቤት የግል ተወዳዳሪ" ይላል።

"ምነው ልጄ!" አሉ፤ ለራሳቸው ያሉት መስሏቸው ነበር፤ ጎናቸው የቆመችው ሴት ግን ዘወር ብላ አየቻቸው።

ራሕዋ የሟች ወዳጃቸው የኃይለገብርኤል ልጅ ናት። ክርስትና ያነሷት የአቶ ገብረዋህድ ባለቤት ወይዘሮ ትበርህ ነበሩ። ሁለቱ ቤተሰቦች ከትግራይ መጥተው ካዛንቺስ ላይ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ስለሆኑ፣ ልጅቷ የማን ቤት ምሳ እንደበላች የሚጠይቅ አልነበረም። አድጋ በዩኒቨርሲቲ ሶሻል ወርክ ተማረች፤ ከዚያም ቂርቆስ ውስጥ በሚሠራ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቀጥራ፣ ደጋፊ ያጡ አረጋውያንንና ኑሮ የከበዳቸውን ቤተሰቦች በየቤታቸው እየዞረች መጠየቅ ሥራዬ ብላ ከያዘች ብዙ ዓመት ሆኗታል። የሰፈሩ ሰው ሥራዋ ስንዴና ዘይት ማደል እየመሰለው "መቼ ነው የምትሰጡን?" ይላት ነበር። እሷ ግን የምታድለው እምብዛም አልነበራትም። የእሷ ሥራ መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ ከዚያም ሰውን ከሰው ማገናኘት ነበር።

አቶ ገብረዋህድ ፖለቲካ የሚል ቃል የሚሸሹት በከንቱ አይደለም። ታላቅ ወንድማቸው አባዲ በደርግ ዘመን ተማሪ ሳለ አንድ ቀን ጠዋት ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ፣ ምናልባት ቢመጣ ብለው፣ የውጭውን በር ሳይቀረቅሩ ያድሩ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው የሚወዳትን ልጅ ፎቶግራፍ ለምርጫ ተለጥፎ ሲያይ ደስ ሊለው አይችልም።

"አባባ! በዚህ ዝናብ እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

ዞር ሲሉ ራሷ ራሕዋ ጃንጥላ ይዛ፣ ከትከሻዋ ላይ በወረቀት የተሞላ ቦርሳ አንጠልጥላ ቆማለች። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳይለዋወጡ እጃቸውን ወደ ግንቡ ዘረጉ።

"ይህን ነገር ከግድግዳ ላይ ነው እንዴ የምሰማው?"

ራሕዋ አንገቷን ደፋች። "ልነግርዎት ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ማለቴ... አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰብኝ። የጋሽ አባዲ ነገር ትዝ እያለኝ ነው። ይምጡ፣ አንድ ቦታ አረፍ እንበል፤ የፈለጉትን ይቆጡኝ።"

በቅርብ ካለ ኬክ ቤት ገብተው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። እሷ ማኪያቶ፣ እሳቸው ሻይ አዘዙ። አቶ ገብረዋህድ ሻዩን እያማሰሉ እንዲህ ሲሉ ጀመሩ፤

"ስሚኝ ልጄ። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ሚስማርና ቀለም ስሸጥ የኖርኩ ነኝ። ፖለቲካ ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ጎበዙን ይወስደዋል፣ የተረፈውን ውሸት ያስተምረዋል። ከተወሰድሽ እናትሽ ምን ትሁን? ካልተወሰድሽ ደግሞ መዋሸት ትለምጃለሽ። ከሁለቱ የትኛውን ልመርጥልሽ?"

"አባባ፣ ምንም አይደርስብኝም ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። የወደፊቱን የሚያውቅ ማን አለ? የገባሁበትን ምክንያት ግን አውቀዋለሁ። ይሰሙኛል?"

"ልሰማሽ አይደል የተቀመጥኩት?"

"የመጀመሪያው ፈረሳ ጊዜ፣ እናንተ ከካዛንቺስ ስትነሱ ማለት ነው፣ እኔ ሥራ የጀመርኩበት ሰሞን ነበር። ሰዉ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሲሄድ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ የወደቀውን ስለቅም ነበር። የወደቀው ግን ዕቃ አይደለም። የስኳር በሽታ መርፌያቸውን ጎረቤት እየወጋቻቸው የሚኖሩ እናት ነበሩ፤ እሳቸው ወደ አንድ ዳርቻ፣ ጎረቤቲቱ ወደ ሌላው ዳርቻ ሄዱ። አያቷ ከትምህርት ቤት እያመጧት የምታድግ ልጅ ነበረች፤ ከአያቷ ተለየችና ትምህርቱን ተወችው። አንድ በአንድ ሄጄ የምችለውን ጠገንኩ። ስደርስ ያለቀም ነበረ።" ከማኪያቶዋ ፉት አለች። "ደግሞ የሚገርምዎት፣ የወሰኑት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ቢሯቸው ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። ካርታው ላይ የሚታየው ቤት ነው። ማን ማንን እንደሚያስታምም ካርታ ላይ አይወጣም።"

"አሁንም ሂጂና ንገሪያቸው፤ ምክር ቤት ምን ያስገባሻል?"

"ነገርኳቸው እኮ! ደጅ ጠናሁ። 'ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግን ተወስኗል' ነው መልሱ። ሁልጊዜ የምደርሰው ከተወሰነ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ የቀረው የካዛንቺስ ሰው በግንቦት ይነሣል እየተባለ ነው። ከመወሰኑ በፊት እዚያ ክፍል ውስጥ የሰዉን ኑሮ የሚያውቅ አንድ ሰው መቀመጥ አለበት ብዬ ነው የተነሣሁት።"

አቶ ገብረዋህድ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ትንሽ ለዘብ አለ፤ እጅ ለመስጠት ግን አልፈለጉም። የሚፈሩትን ከተናገሩ በኋላ፣ ከሚፈሩት ይልቅ የሚያሳዝናቸውን ነገር አወጡ።

"ትበርህ የሞተች ጊዜ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ ቤቴን ዘግቼ ተኝቼ ነበር። ታስታውሻለሽ።"

"አስታውሳለሁ።"

"የመጣው ሰው ሁሉ አይዞህ፣ የእግዜር ሥራ ነው ብሎኝ ሄደ። አንቺ ግን መጥተሽ ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ። ከዚያ 'አባባ፣ ከቀኑ የትኛው ሰዓት ነው የሚከብድዎት?' አልሽኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ከምሳ በኋላ ነው አልኩሽ፤ ድሮ ሱቄ በር ላይ ወዳጆቼ የሚሰበሰቡበት ሰዓት ነበራ። አንቺ ምን አደረግሽ? በዚያው ብሎክ ከምሳ በኋላ ብቻቸውን የሚቀመጡ ወንዶች ፈልገሽ ምድር ቤት ዳማ አስጀመርሽን። ዛሬ ዕድር ሆነናል። እኔ ዛሬ በሕይወት አለሁ።" ሻዩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። "አንቺ ለስብሰባ ስትቀመጪ ያንን በር ማን ሊያንኳኳ ነው? ይህን መልሽልኝ።"

ጥያቄው ራሕዋንም ሌሊት ሌሊት ሲያንገላታት የከረመ ነበር።

"እውነትዎን ነው፤ ይህ ነው ከሁሉ የሚከብደኝ" አለች። "ቢሆንም አባባ፣ እርስዎ ቤትዎን የዘጉት ሐዘን ስለደረሰብዎት ብቻ አልነበረም። ካዛንቺስ ብንሆን ኖሮ ያ በር ሲዘጋ በስንት ሰው ይንኳኳ ነበር? ያንን ሁሉ ሰው የበተነው አንድ ውሳኔ ነው። እኔ እስክሞት በር ባንኳኳ፣ ውሳኔው እንደዚያው ከቀጠለ የተዘጋው በር ይበዛብኛል። ማንኳኳቱን ሌላ ሰውም ሊማረው ይችላል።"

ዝናቡ አባራ። አቶ ገብረዋህድ ተነሡ። "አላሳመንሽኝም" አሉ። "ቅዳሜ የካዛንቺስ ዕድር አዳራሽ ውስጥ ተወዳዳሪዎች ሕዝቡን እናነጋግራለን፤ መጥተው ይዩኝ" አለች። "ከዚያ በኋላ ተይ ካሉኝ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።" እሳቸውም ለመምከር እንጂ ለመደገፍ እንዳልሆነ አስረግጠው እመጣለሁ አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ገብረዋህድ ካዛንቺስ ሲደርሱ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይመለከት ነበር። ነገሩ ለሰዉ ዋዛ አልነበረም፤ ግንቦት ቅርብ ነው። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አነጋገሩ የሰላ ሰው ነበር። ስለ ሰፋፊ መንገዶች፣ ስለ ፎቆች፣ አዲስ አበባ ከአፍሪካ ከተሞች ጋር እኩል ስለምትቆምበት ቀን በጣፈጠ አማርኛ ተናገረ። ሰዉም አጨበጨበለት። የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ሰው ግን ነገ የት እንደሚያድር ሳያውቅ ስለ ከተማው ቁመት ሲነገረው ማጨብጨቡ እጁን እንጂ ልቡን አያሞቀውም።

ቀጥሎ ራሕዋ ተነሣች። ገና "የተከበራችሁ" ከማለቷ፣ ወይዘሮ ዘሪቱ የምትባል፣ በካዛንቺስ ጉልት አትክልት የምትሸጥ ሴት ከመካከል ብድግ አለች።

"አንቺንም እናውቅሻለን! በየቤቱ እየዞርሽ ስታወሪ ነው የከረምሽው። ምን ሠርተሽ አየን? እስቲ አንድ ያሠራሽው ቤት፣ አንድ ያስገባሽው ቧንቧ አሳዪን!"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። የራሕዋን ቅስቀሳ የሚያግዘው አሉላ የሚባል ወጣት የሥራ ባልደረባዋ ተንደርድሮ ወደ መድረኩ መጣ። አቶ ገብረዋህድ ከፊት ረድፍ ስለነበሩ የሚንሾካሾከው ሁሉ ይሰማቸዋል።

"ራሕ፣ በቃ የጎተራውን ሽማግሌ ታሪክ ንገሪያቸው! ሚስታቸው ሞታባቸው ራሳቸውን ቤት ውስጥ ቆልፈው የነበሩትን። እሱን ካወራሽ ሕዝቡ ያብዳል፤ ሙሉ ድምፅ ያንቺ ነው፣ በስሜት ተናገሪ ብቻ!"

አሉላ ታሪኩን በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ያለ ስም የሰማ እንጂ፣ ሽማግሌው ከፊት ለፊቱ እንደተቀመጡ አያውቅም። አቶ ገብረዋህድ ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። በዚያ ሰሞን ፀጉራቸውን ሳይቆርጡ፣ ልብሳቸውን ሳይለውጡ የከረሙበትን ነገር ይህ ሁሉ ሰው ሊሰማው ነው። "እንግዲህ ፖለቲካ ጀመረ" አሉ በልባቸው።

ራሕዋ ግን እሳቸውን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ "አይሆንም" አለች።

"እንዴ! ስም አትጠሪም እኮ!"

"አይሆንም አልኩህ አሉላ። እሳቸው በራቸውን የከፈቱልኝ ለምርጫ አይደለም። ይህን ተናግሬ ከማሸነፍ ሳልናገር ብሸነፍ ይሻለኛል።"

ከዚያም ከመድረኩ ወረደች። አንድ የፕላስቲክ ወንበር እየጎተተች ከዘሪቱ ፊት ለፊት ወስዳ ተቀመጠች።

"ልክ ነሽ ወይዘሮ ዘሪቱ" አለች። "ያሠራሁት ቤት የለም። አሁንም ቤት አሠራልሻለሁ ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ አቅሙ የለኝማ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። በግንቦት ብትነሺ ከሁሉ በፊት የሚበላሽብሽ ምንድን ነው?"

ዘሪቱ ለክርክር የተዘጋጀች ነበረችና ጥያቄው አደናገራት። መመለስ ስትጀምር ድምፅዋ ሌላ ሆነ።

"ጀሚላ" አለች። "ጎረቤቴ ናት። እናቴ አልጋ ላይ ናት። እኔ ጉልት ስውል የምታገላብጥልኝ፣ ውኃ የምታጠጣልኝ ጀሚላ ናት። እኔ ደግሞ ልጆቿን ማታ አበላለሁ፤ እሷ ምግብ ቤት ውስጥ የምትሠራው ማታ ነው። ሁለታችንን ከለያያችሁን የእኔም ሥራ አለቀለት፣ የእሷም አለቀለት። ደግሞ ልጄ ኢፍቱ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ፈተናው ሰኔ ነው። በግንቦት ቤት ያፈረሰ ሰው በሰኔ ምን ያስፈትናል?"

ከዚያ ከኋላ አንድ በትር ወለሉን መታ መታ አደረገ። ፈየራ ነበር። ዓይኑ አያይም፤ ከካዛንቺስ እስከ ባምቢስ ብቻውን እየተመላለሰ ሎተሪ ሲሸጥ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

"እኔን ደግሞ ስሙኝ" አለ። "ቤት ይሰጡኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። እኔ ያስጨነቀኝ ቤቱ አይደለም፤ መንገዱ ነው። እዚህ እያንዳንዷን ቦይ እግሬ ያውቃታል። የዳቦ ቤቱ ሽታ የት እንደሚታጠፍ ይነግረኛል። አዲስ ቦታ ወስዳችሁ ብትጥሉኝ ከአልጋዬ እስከ በሬ ነው የምኖረው። መንገዱን ከመሄዴ በፊት የሚያለማምደኝ ሰው ብታገኙልኝ ሌላ አልጠይቅም።"

ራሕዋ እያንዳንዱን ስትሰማ ንግግር አላቋረጠችም፤ መፍትሔም አልደረደረችም። ሲጨርሱ ብቻ "እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለምክር ቤት መቅረብ የሚገባው የቱ ነው? እኛው በኛ ልናደርገው የምንችለውስ የቱ ነው?" ብላ ሕዝቡን ጠየቀች። ሰዉ እርስ በርሱ መከራከር ጀመረ። መጥፎ ክርክር አልነበረም፤ ሰው የራሱን ጉዳይ በእጁ ሲይዝ የሚከራከረው ዓይነት ነበር። ብዙ ጊዜ የሕዝብ ስብሰባ ሲባል አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዛጋል። ለችግረኛ ቤት እየሄደ ችግሩን ከባለቤቱ አፍ መስማት የለመደ ሰው ግን መድረክ ላይ ሲወጣም ይህ ልማዱ አይለቀውም፤ ሹመት ቢያገኝም አብሮት ይሾማል።

ዘሪቱ ግን ገና አልረካችም። "ጥሩ ታዳምጫለሽ፤ ይህንን አልክድም" አለች። "መስማት ግን ጣራ አይሆነንም።"

በዚህ ጊዜ አቶ ገብረዋህድ ተነሡ። መነሣታቸውን ያወቁት ከተነሡ በኋላ ነበር። ራሕዋ ደንግጣ "አባባ፣ ግዴለም..." ስትል በእጃቸው ዝም አሰኟት።

"ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ" አሉ። "እዚህ ከታች የነበረው የቀለምና የሚስማር ሱቅ የእኔ ነበር። በመጀመሪያው ፈረሳ ጎተራ ደረሰኝ። ሥራው የደከመ ቤት ነው እንዳልል ጥሩ ቤት ነው። ጣራ አለው፣ ቧንቧ አለው። እዚያ ጥሩ ቤት ውስጥ ባለቤቴ ሞታብኝ ልሞት ስል የነበርኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ያ ወጣት ቅድም በጆሮዋ ሲነግራት የነበረው የጎተራ ሽማግሌ እኔ ነኝ።" አሉላ አፉን በእጁ ያዘ። "ጣራ አልጎደለኝም ወይዘሮ ዘሪቱ። የጎደለኝ ሰው ነበር። ይህች ልጅ ሰው ሰጠችኝ። አሁን ይህን ለማውራት ዕድል አግኝታ ነበር፤ ብታወራው ትጠቀም ነበር፤ የእኔ ምስጢር ስለሆነ ተወችው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህን ፖለቲካ ተይ ብዬ ልመክራት ነበር። ፖለቲካ ውሸት ያስተምራታል ብዬ ፈርቼ። አሁን እንዳየሁት ግን አስተማሪዋ እሷ ሳትሆን አትቀርም።"

ሊቀመጡ ካሉ በኋላ መልሰው ቀና አሉ። "ወንድሜ በዚህ ነገር ቀርቶብኛል። አሁንም እፈራለሁ። እየፈራሁም ቢሆን ምረጧት እላችኋለሁ።"

በሚያዝያ ራሕዋ በጠባብ ልዩነት አሸነፈች። ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ሁሉ እንዳሰበችው አልሆነም፤ ሆነ ቢባል ሐሰት ይሆናል። ምክር ቤቱ ውስጥ "የቤት ለቤት ወሬ ይዘሽብን መጣሽ" ያሏት ነበሩ። የጉልት ነጋዴዎቹ የሥራ ቦታ አብሮ ይታሰብ ብላ ያቀረበችው ሐሳብ ወደቀ፤ ዘሪቱም በዚህ ተቀይማ ብዙ ሳምንት አላነጋገረቻትም። ራሕዋ ግን ያኮረፉ ዘመዶች ቤት እንደምትመላለስ ሁሉ ወደ ተቃወሟት አባላት እየሄደች፣ ምን እንደሚያሰጋቸው እየጠየቀች፣ አንዳንዶቹንም ካዛንቺስ ድረስ ወስዳ ከሰዉ ጋር እያስቀመጠች ሰነበተች። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ከዘሪቱ እናት አልጋ አጠገብ ቆሞ ጀሚላ ስታገላብጣቸው ካየ በኋላ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያውን እጅ ያወጣው እሱ ሆነ። ሰዉ የሚነሣው ከፈተና በኋላ፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት እንዲሆን ተወሰነ። የሚደጋገፉ ጎረቤቶች ተመዝግበው በአንድ ብሎክ እንዲገቡ፣ ደረጃ መውጣት የማይችሉ ምድር ቤት እንዲሰጣቸው ሆነ። ዘሪቱና ጀሚላ ግድግዳ ለግድግዳ ተሰጣቸው። ኢፍቱም ፈተናዋን ካዛንቺስ ሆና ተፈትና አለፈች።

ለፈየራ ጎተራ ምድር ቤት ደረሰው። መንገድ የሚያለማምደው ሰው ይፈለግ ሲባል አቶ ገብረዋህድ ማንም ሳይጠይቃቸው እጃቸውን አወጡ። ከመዛወሩ በፊት ፈየራን በታክሲ እያመጡት፣ ከብሎኩ በር እስከ ታክሲ መያዣው አብረው ይመላለሱ ጀመር። የባቡሩ ሥራ አካባቢውን ቆፋፍሮት ስለነበር መንገዱ ዛሬ እንደ ትናንት አይገኝም ነበር።

"ቀኝህ ላይ ቆርቆሮ አጥር አለ" ይሉታል።

"ቆርቆሮውን ተዉት ጋሼ፣ ነገ ያነሡታል። የማይነሣ ነገር ምን አለ?"

"ዛፍ አለ።"

"እሱ ይሻላል። ያስነኩኝ።"

አቶ ገብረዋህድ በዚህ ሥራ ራሳቸው ብዙ ተማሩ። መጀመሪያ ክንዱን ይዘው እየጎተቱ ይመሩት ነበር። ራሕዋ አይታ "አባባ፣ እሱ ክንድዎን ይያዝ እንጂ እርስዎ አይያዙት" ስትላቸው ልዩነቱ አልገባቸውም ነበር። ሲሞክሩት ገባቸው። የሚጎተት ሰው መንገዱን አይማርም።

አንድ ቀን ዳማ ሲጫወቱ፣ የዕድራቸው አባል አቶ ነጋሲ "ይህች ልጅህ ትልቅ ሰው ሆነች፤ አሁን እኛን ትረሳናለች። ሥልጣን እኮ ሁሉንም አንድ ያደርገዋል" አሏቸው። አቶ ገብረዋህድ ጠጠራቸውን አስቀመጡ።

"እኔም እንዲያ ነበር የምለው ነጋሲ። አሁን ግን ሹም ከመሾሙ በፊት ምን ሲሠራ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ሲያዝዝ የኖረ ሰው ሲሾም ማዘዙን ይቀጥላል። ሲለፈልፍ የኖረም እንደዚያው። ይህች ልጅ የሰው ደጅ ቆማ 'ልግባ ወይ?' ስትል የኖረች ናት፤ ምክር ቤትም ገብታ ሰው ሳትጠይቅ አትወስንም። ምን ጥቅም አገኘን ብትለኝ፣ ያቺ ተማሪ ፈተናዋን አለፈች፤ አልጋ ላይ ያሉት እናት አስታማሚያቸውን አላጡም፤ እኔና አንተ ብቻችንን ያየነውን መከራ አዲስ መጪው አላየውም። በዚያ ላይ የሰዉን ነገር ተመልከት። ድሮ ቀበሌ ሲጠራን ምን ሊደርስብን ነው እያልን ነበር የምንሄደው። ዘሪቱ ባለፈው ስብሰባ ሄዳ ስለ ጉልቱ ቦታ ስትከራከር የዋለችው ማን አስተምሯት ነው?"

"በሩንስ ማን ያንኳኳል? አንተው ነህ ይህን ስትል የነበርከው።"

"እሱን እማ አየኸው" አሉ አቶ ገብረዋህድ ፈገግ ብለው። "እኛው ነን። ብቻውን የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ አሉላ በሳምንት አንድ ቀን ያስተምረናል፤ አንተም ብትመጣ አትጎዳም።" አቶ ነጋሲም ለጊዜው ጠጠራቸውን ገፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከአሉላ ክፍል ኋለኛው ወንበር ላይ ተገኙ።

ፈየራ ሙሉ በሙሉ ከተዛወረ በኋላ፣ በመስከረም አንድ ጠዋት "ዛሬ ብቻዬን ነኝ" አለ። አቶ ገብረዋህድና ራሕዋ ከብሎኩ በር ላይ ቆመው ተመለከቱት። በትሩን ወዲያና ወዲህ እያደረገ ሄደ። ከዛፉ ጋ ሲደርስ ቆሞ ግንዱን ነካ አደረገና ወደ ግራ ታጠፈ። ከተቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ ሲደርስ አቶ ገብረዋህድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመዱ፤ ራሕዋ በዝግታ እጃቸውን ያዘች። ፈየራ ጉድጓዱን በበትሩ ለካና ዞሮ አለፈ። ከዚያ ወዲያ የታክሲ ረዳት "ወሎ ሰፈር! ወሎ ሰፈር! ስታዲየም!" ሲል ይሰማ ነበር፤ ፈየራም ድምፁን ተከትሎ ሄዶ ታክሲዋ ውስጥ ገባ።

አቶ ገብረዋህድ ታክሲዋ ከዓይናቸው እስክትሰወር ድረስ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ራሕዋ ዞሩ።

"ትበርህ ይህን ብታይ እልል ትል ነበር" አሉ። "እኔ እልልታ አልችልም፤ ልመርቅሽ። የገባሽበት ቤት ሁሉ ይስማሽ። እውነት ከአፍሽ፣ ድኻ ከልብሽ አይጥፋ። እግዚአብሔር በሰላም ያግባሽ፣ በሰላም ያውጣሽ።"

"አሜን" አለች ራሕዋ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ስብሰባዋ ሄደች።